ድገመው

ስፓኒሽ ታውን፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ፣
እኔ ነኝ ድምፅ ማጉያውን በትከሻዬ የማስገባ።
ሳጥን በሳጥን ቆልዬ፣ ሽቦውን በጥርሴ ፍቄ፣
ከባሱ ጎን እቆማለሁ፣ ጀርባዬን ከእንጨቱ አጣብቄ።

ኦርቪን ማይኩን ሲጨብጥ ሰፈሩ ጠባዩን ያውቃል፦
በጥይት ይምላል፣ በወርቅ ጥርሱ ይስቃል፣
ስለ ሴት ወገብ ሲያወራ ቆርቆሮው አጥር ያጨበጭባል።

ዛሬ ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ
«ቴሪካ፣ በሩን አልቆለፍኩትም» አለ።
እንዲህ የሚል በዘፈኑ የለም።
ከዚያ ድምፁ፣ ውኃ እንደ ጠፋበት ቧንቧ፣ አየር ብቻ ተፋ።
ባሱ ነው የባሰው፤ በጀርባዬ ገብቶ በደረቴ ሲወጣ
የማን ልብ እንደሚመታ ጠፋኝ።

ሰዉ ምን ገዶት! የድስት ክዳን እያጋጨ፣ ላይተር እያበራ፣
«ድገመው! ድገመው!»
ሸክላ አጫዋቹም እንደ ወጉ ወደ ኋላ መለሰው።
ኦርቪን አፉን ከፈተ፣ ቴሪካ የምትባልበት ቦታ ደረሰ፣
በጥይት ማለ።

ሲነጋ ሳጥኑን ስንጭን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰምታ ይሆን?» አለኝ።
«ማጉያው እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል» አልኩት።
ወርቅ ጥርሱን በከንፈሩ ሸፈነ።