ቀይ ነጥብ

ከሶማሌ ተራ ዝቅ ብሎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ፣
ዘርጋው ኮሮላውን አስገፍቶ በማለዳ ግቢዬ ገባ።
«ቺንጊያው ጥርስ ዘሏል፤ ያንተው እጅ ነው ያሰረው፤
አራት ወር አልሞላም። በል ንገረኝ፣ ምን አሻገረው?»

«ቁልፉን እንዳትነካ» አልኩት፤ «ባልቦላ ከፒስተን ይጋጫል፤
ከዚያ ወዲያ የኔ ኪያቤ አይደል፣ የባንክ ብድር ይፈልጋል።»

ሽፋኑን ፈታሁ። ሙኒር በስልኩ አበራልኝ እያዛጋ፤
ውጭ «ሜክሲኮ! ሳር ቤት!» የሚል ረዳት ከጥሩምባ ጋር ሲንጋጋ፣
ኮሎውን በኪያቤ አዞርኩት፣ ቀስ እያልኩ፣ በእጄ ብቻ፤
የታችኛው ምልክት ገጠመ፣ ቆመ መስመሩ ላይ፣ አቻ ላቻ።
የላይኛው ግን፣ ካምሻፍቱ፣ ሁለት ጥርስ ቀርቶ ወደ ኋላ፣
ጉድ እንደሚያውቅ ምስክር ዓይኑን ጥሏል ወደ ሌላ።

ሙኒር ሳይታዘዝ ቆጠረ፤ «ሁለት።» እኔም ደገምኩት፤ ሁለት።
ባውራ ጣት ጥፍር የምትሸፈን፣ እዚህ ግባ የማትባል ስህተት፤
ኮሮላዋን ትናንት ማታ ቸርችል ዳገት ላይ እንደ አስም ያፈነቻት።

ተጠርጣሪ አላጣሁም።
ቺንጊያውን ፈትቼ፣ አጥፌ፣ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት፤
ጥርሱ አልተላጨ፣ ጎኑ አልተሰነጠቀ፤ ዘይት ይኖር እንደሁ አሸተትኩት።
«ፎርጅድ ነው!» አለ ዘርጋው። እኔም ቢሆንልኝ በወደድኩ፤
ኑረዲን ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሄጄ ባንባረቅኩ።
ጎማው ግን ደህና ነው።
ፓራኦሊውን ዳር ዳሩን በጣቴ ዳሰስኩ፤
ጣቴ ደረቅ ወጣ። እሱንም ይቅር ብዬ አለፍኩ።
የውሃ ፖምፓውን አሽከረከርኩ፤ ሳይንቋቋ፣ ሳያጉረመርም፣
እንደ ጎረምሳ ተሽከረከረ፤ እሱም ዘንድ ነገር የለም።

«ምን ታመራምራለህ? አዲስ ክተትበትና ልሂድ፤
ለገሃር የምወስደው ሰው አለኝ፤ ዛሬ ደግሞ ዝግ ነው መንገድ።»
እንዲህ የሚሠራማ በየጥጉ ሞልቷል፤
ምክንያቱ ሳይነቀል የገባ አዲስ ግን፣ አሮጌው የሄደበት ይሄዳል።

ቀረች ወጣሪዋ ኩሽኔታ፣ ቴንሽነሯ፤
በሁለት ጣት ገፋ ባደርጋት ተንሸራተተች ከሥሯ።
ቡሎኗ ላልታለች። ሩብ ዙር። ሩብ ዙር ብቻ።

አንድ ልማድ አለኝ፤ ካጠበቅሁት ቡሎን ራስ ላይ፣
የልጄን የማራኪን የጥፍር ቀለም ጠብ አደርጋለሁ፣ ቀይ፣
እንዳልረሳ፤ ማንም ኋላ ቢነካካውም እንዲለይ።
የፖምፓው ቡሎኖች አራቱም ቀይ።
የካምሻፍቱም ቀይ።
የቴንሽነሯ፣ ባዶ ብረት።

ሙኒር ስልኩን ዝቅ አደረገ፤ ብርሃኑ ጫማዬ ላይ ወደቀ።
ነሐሴ ነበር። በረዶ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ደጅ የተሰጡ የፔጆ ወንበሮች ነበሩ፤ ኪያቤዬን ጥዬ ስሮጥ፣
ስመለስ ከእግር እስከ ራስ ርሻለሁ፤
የት ነበርኩ ሳልል፣ ሽፋኑን አንስቼ ከድኛለሁ።

«እህ? ምን ሆኖ ነው?»
ማዶ ኑረዲን ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ለውዝ ይፈለፍላል፤
«ፎርጅድ ነው» ብል ዘርጋው ያምነኛል፤ መንገድ መሻገር ብቻ ይበቃል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ይቺን ሳላጠብቃት ቀረሁ።»

ሲጋራውን እስከ ቂጡ ሳበ።
«ባልቦላው ተርፏል?»
«ይመስለኛል፤ ስናስነሳት ይለያል።»
«እንግዲያው የእጅ አልከፍልም።»
«ቺንጊያውም በኔ ነው።»
«በአላህ ስም፣ እሱንማ ልትቀልድ ነው እንዴ የምትከፍለኝ!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ ነበር።

ምልክቶቹን ገጠምኩ፤ ወጠርኩ፤ ሁለት ዙር በእጄ አዙሬ አየሁ።
ሙኒር ብልቃጧን ይዞ ቆሟል። «ልቀባው?» አለ።
«ቆይ። መጀመሪያ አንተ ፈትሸኝ።»
ኪያቤውን ተንጠለጠለበት፣ ባለ በሌለ ክብደቱ፤
ቡሎኗ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ቀባ፤ ቀለሙ በዝቶ ተዘረገፈ በጎን በፊቱ፤
ሊጠርገው ጨርቅ ሲያነሳ፣
ተወው፣ አልኩት።