ገና አልተነሣም

ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከዘንባባው ጥላ፣
አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ ቆርቆሮዋ የላላ።
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መልስና ውክልና፣
የቀለብ፣ የወሰን፣ የይግባኝ ልመና።

ኮምፒውተሬ ሽማግሌ ነው፤ ከግብርና ቢሮ
በጨረታ ወጥቶ፣ በጋሪ ላይ ታስሮ
መጣልኝ። ጎኑ ላይ የንብረት ቁጥር በቀይ ታትሟል፤
በነዳጅ ፈተግሁት፤ ጭራሽ ደምቋል።

ጠዋት ቁልፉን ስጫነው መጀመሪያ ያቃስታል፣
ቀጥሎ ያስባል፣
ቀጥሎም ያስባል፣
ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ሻዬ ይበርዳል።
ባለጉዳይ ቁጭ ብድግ፣ «ችሎቴ ሦስት ሰዓት!» ብሎ፣
ማዶ ወዳለው ባለ ላፕቶፕ ይሄዳል ቸኩሎ።

በጥቅምት እቁቡ ደረሰኝ። ዘጠኝ ሺህ። ወዲያው ግን
ኪራዩ ነከሰው፣ የልጄ ደብተር የቀረውን።
አምስት ሺህ ቋጥሬ ከግሽ ዓባይ አስጠራሁት፣
ታላቁ በሞተ ማግሥት እናቱ የወለደችውን ልጅ፤
ስሙ ማስረሻ፣
ሥራው ማስታወሻ።

ጎኑን ፈትቶ ቢከፍተው፦ የአቧራ ብርድ ልብስ፣
የሸረሪት ድር፣ የበረሮ ሬሳ፣ የገብስ
ፍሬ (የግብርና ቢሮ ነበር እኮ!)
ሳቅን። እፍ አለበት ወደ በሩ ዞሮ፣ ተንበርክኮ።

«አዲስ ግዢ» አላለኝም። ይህን ወደድኩለት።
«ፓወሩ» አለ «የራሱ ነው፤ ፋብሪካው ነው የሰፋለት፣
የሌላ አይገጥመውም። ትልቅ ካርድም አይችል፣ ጠባብ ነው አንጀቱ።
በዚህ ብር የሚሆነው ሁለት ነገር ነው፣ በእውነቱ፦
ራሙን ከሁለት ወደ ስድስት፣ ያገለገለ ነው፤
ሃርዱን አውጥተን ኤስ ኤስ ዲ፤ አዲሱ እሱ ብቻ ነው።»

ዓሣ አስጋሪው አለኸኝ፣ አቤቱታው ሦስት ቀን ያደረ፣
ከጥግ ሆኖ ሲሰማን ነበረ።
«እንደ ታንኳ ነዋ!» አለ። «ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ
ሲከብድ፣ ሁሉ አይጣልም፤ የበሰበሰው ወጥቶ
አዲስ እስር ይገባበታል። ባሕሩም ያው፣ ሰውም ያው...»
ማስረሻ አልሰማውም፤
አንድ ብሎን ጠፍቶት ወለሉን እየዳበሰ ነው።

ከዚያ የልጄን ላጲስ ለመነኝ። የራሙን ወርቃማ ጥርስ
አሸው፣ አሸው፣ ብልጭ እስኪል ድረስ።
ላጲሱ የእንጆሪ ሽታ ነበረው።

ልንለኩሰው ስንል መብራት ሄደ።
አለኸኝ ዓሣውን አስቦ ወደ ጣና ወረደ።
እኛ በጨለማው፣ እሱ መፍቻውን ይዞ፣ እኔ ክዳኑን፣
ምንም ሳንባባል ጠበቅን።

ሲመጣ ተጫንኩት። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ! ቆጠርኩ።
አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ። በቀረችው መቶ ብር በባጃጅ ሸኘሁት፣ ኮራሁ፣ ተደሰትኩ።

በማግሥቱ ከዘጌ አንዲት እናት መጡ፣ ወይዘሮ ሽታዬ።
«የወንድሜ ልጅ ከሰሰኝ» አሉ «በጌሾዬ።»
ነጩ ገጽ ቀድሞ ተዘርግቷል። ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ድርግም፤
ተናገሪ እንደሚል ዳኛ፣ ትዕግሥት የለውም።
«ምን ልበል?» አሉ። ዝም።

ድሮ ያቺ ክብ ስትዞር ሰው ወሬ ይጀምራል፣
ስለ ዝናቡ፣ ስለ እምቦጩ፣ ስለ መንገዱ ይላል፤
ከዚያ ሳያስበው፣ በወሬው መሐል አምልጣ
እውነቲቱ ትወጣለች፣ ስሟን ሳልጠራት መጥታ።
የምጽፈው እሷን ነበር።
ያ ሽማግሌ ለካ እያቃሰተ ሥራዬን ሲሠራልኝ ኖሯል፤
እኔ ነኝ ከፍዬ ያስቀየርኩት።

ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞርኩት፣ በቀስታ፤
«አሮጌ ነው እናቴ፤ ገና አልተነሣም።
እስቲ ይጫወቱ፣ ለአንድ አፍታ።»