ሆድ ያባውን

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣
ልብ እያረረ ይስቃል።
የሶልያና ግን ከድድ ሲወጣ ጀምሮ አልሳቀም፤
ጠመኔ መሰለ፣ ጠርዙ ተሸራረፈ፣
መሐሉን ቡናማ መስመር ከዳር እስከ ዳር አለፈ።

ሳስካቱን። ጥር። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
የመጀመሪያው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ
«ከረሜላ ቀንሱላት፣ ማታ ማታ ይቦረሽ» አለ።
ወይንሸት እሺ አለች።
መኪና ውስጥ ግን፣ የመስታወቱ በረዶ እስኪሟሟ ስንጠብቅ፣
«የትኛውን ከረሜላ?» አለች፣
ለእኔ ሳይሆን ለበረዶው።
ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን ገጠመች፤
እኛም «ሳቂ» ማለት ተውን።

እንጀራዬ ስንዴ ነው፣ እህል ጎተራ ነው የምሠራ፣
ባቡር ስሞላ የምውል ከአቧራው ጋራ።
ማታ ቅንድቤ ነጥቶ፣ ፍሬ ኪሴ ውስጥ ቀርቶ
ስገባ፣ «አባዬ በረዶ!» ብላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች።
ሆዷ ይነፋል። በር መቃኑ ላይ ያሰመርነውን እርሳስ
ዓመት ሙሉ አልዘለለችም።
«ታዲያ ትብላ!» እያልን ዳቦ እንጨምራለን።

ዶክተር ኦሌና መስታወቷን ይዛ ብዙ ቆየች።
ግራና ቀኙን አመሳከረች፣
አንዱ ጥርስ የሌላው ግልባጭ።
ስለ ብሩሽ አልጠየቀችም።
«ሆዷን ያማታል?» አለች።

ደም ተቀዳ፤ ቀጭን ቱቦ በጉሮሮ ወረደ፤
ስሙ መጣ፦ ሴሊያክ።
ስንዴ እርም፣ ገብስ እርም፤
ከሱቅ የምንገዛው እንጀራም፣ ድብልቅ ነውና፣ እርም።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ ነበር ባገራችን፤
ለሷ ብቅሉም መርዝ ነው።
ሆድ ያባውን ጥርስ አወጣው፣
ባዳ ያልነው።

የተሸረፈው አይመለስም፤ ነጭ ነገር ለጠፉበት።
ከኋላ ገና ድድ ውስጥ ያሉት፣ ምናልባት፣ አለች ሐኪሟ፣
«ምናልባት»ን ቀስ ብላ።

አሁን ማታ ጋራዥ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣
ቱታዬን፣ ካልሲዬን ሳይቀር አውልቄ
በውስጥ ልብስ ቆሜ ጺሜን እታጠባለሁ።
ከበሩ መስታወት ማዶ ሶልያና ትጠብቃለች፣
የቀረኝን አቧራ በጣቷ እየጠቆመች፦
«ጆሮህ ጋ። እዛ። አይ፣ በዚያኛው።»
ከዚያ ትስቃለች፣
በሙሉ አፏ፣ ሸራፋውን ሳትደብቅ፣
ራቁቱን በሚንቀጠቀጥ ሰው ላይ።