ሁለት መቶ የን

«እና ምን አየሽ?» አለኝ እንድሪስ፣
የደንገሉን ልጥ ነክሶ በጥርስ፣
ጉልበቱን ተክሎ በታንኳው ወገብ
እንዳይላላበት አጥብቆ ሲስብ።
ከኋላችን ባሕር ዳር፣ ባጃጁ፣ ዘንባባው፤
ከፊታችን ገና ያልነቃው ውሃው።

ምን አየሁ?
ስድስት ቀን ኦሳካ፤ አምስቱ አዳራሽ።
የሐይቅ ሊቃውንት ከየአገሩ መጥተው
ስለ ውሃ ያወጋሉ፣ ውሃ በላስቲክ ፊታቸው አስቀምጠው።
ስሜ ባንገቴ ላይ በክር ተንጠልጥሎ፣
የሦስት ዓመት ሥራዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣
ቆምሁ ከጎኑ እንደ ሱቅ ጠባቂ፣
አላፊ አግዳሚውን በዓይኔ ለማኝ፣ አንድ ጠያቂ ናፋቂ።
የእምቦጭ ካርታ ነው፤ ጣና ዳር ዳሩን የተበላበት።
አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ገፍቶ ጎንበስ አለበት፤
«አረንጓዴው ያምራል» ብሎኝ አለፈ።

«ተይው ጉባኤውን፣ አገሩን ንገሪኝ!»

እሺ፤ አገሩን።
በስድስተኛው ቀን ወጣሁ ብቻዬን።
በሚሄደው ደረጃ ሰው ቀኙን ይዞ ይቆማል፣
የቸኮለ በግራ ያልፋል፤
እኔ መሃል ቆሜ መንደር ሙሉ ሰው ከኋላዬ አገድሁ፤
ማንም አልጮኸብኝ፤ ዝምታው ሲጮህ ግን ሰማሁ።
የጥንቱን ቤተ መንግሥት አየሁ፣ ዙሪያው ውሃ ነው፤
ውስጡ ሊፍት አለው።
«ንጉሡስ?»
ንጉሥ የለም፤ ሊፍት ነው ያለው።
ሳቀ፤ ልጡ ካፉ አመለጠው።
ሲመሽ ወንዝ ዳር ቆምሁ፤ መብራቱ ውሃው ላይ ፊደል ይጥላል፣
እኔ ያልቻልሁትን ውሃው እያነበበ ይሄዳል።

ከዚያ መንገድ ጠፋብኝ።
ብስክሌት በቆመበት፣ ልብስ በተሰጣበት ቅያስ
ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ስመለስ፣
አንዲት ባልቴት ደጃፍ የሸክላ ገንዳ አየሁ፤
ቀያይ አሳ አለበት፣ ጣት የሚያህል።
ካሳው በላይ ደግሞ ቅጠሉ የሚያበራ፣ አንገቱ ያበጠ፣
ሥሩ እንደ ጢም ውሃው ውስጥ የሰጠመ፦
እምቦጭ፣ እንድሪስ! ራሱ እምቦጭ!
ዋጋ ተለጥፎበታል፤ አንዱ ሁለት መቶ የን።

እጁ ቆመ።
«ይገዙታል?»
ይገዙታል።
«በገንዘብ?»
በገንዘብ።
ቀና ብሎ አየ፣ ነፋስ ከማዶ ገፍቶ ወዳመጣው፣
አምና መረቡን ከነቆረሶው ወደቀበረው
ወደዚያ አረንጓዴ ምንጣፍ።
«እንግዲያማ ከብረናል!» አለ፤
እስኪያስለው ሳቀ።
ሳቁን ሳይጨርስ ምራቁን ተፋና ወደ ልጡ ተመለሰ።

ያልነገርሁት አለ።
ቅጠሉን በልማድ ጎንበስ ብዬ ስቆጥር
ባልቴቷ የምገዛ መስሏት በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።
አፍሬ ከፈልሁ።
በሆቴሉ ብርጭቆ፣ በመስኮቱ ጠርዝ አደረ፤
ሊነጋጋ ሲል አበበ።
ሐምራዊ፤ መሃሉ ላይ ቢጫ ዓይን ያለው።
ሦስት ዓመት በኪሎ መዘንሁት፣ በሄክታር ለካሁት፤
አንድም ቀን አበባ ብዬ አላየሁት።
የመሄጃዬ ሰዓት እስኪደርስ ተቀምጬ አየሁት።

«ያዢልኝ ይቺን ጫፍ» አለኝ እንድሪስ።
ያዝሁለት።
ደንገሉ እርጥብ ነው፤ እጅ ይቆርጣል።