አምስት ጊዜ በሰከንድ

ማክሰኞ ማታ ነው። የሜሪፖርት ዝናብ ከላይ አይወርድም፤
ከአየርላንድ ባሕር ተነሥቶ በጎን ነው የሚመታ፣ ጃንጥላ አያግደውም።
በጸሎት ቤቱ ምድር ቤት አርባ ወንበር ዘርግተን ዘጠኝ ሰው ይመጣል፤
ሻይ ማፍያው ሳይፈላ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ይጠርጋል።
እኔ የመሐንዲሶቹ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤
የመጣውን እቆጥራለሁ፣
የቀረውን «በሕመም» እላለሁ፣
ከሕመም የከፋውንም በዚያው ቃል እጽፋለሁ።

የዚያን ቀን ንግግር ስለ ወደብ በር ነበረ፤
ጎማው ለምን እንደሚያረጅ፣ ጨው በየት ገብቶ ማጠፊያውን እንደሰበረ።
ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ፤ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤
(ዘጠኝ መሐንዲስ ተቀምጦ!) ሁሉም አንገቱን ደፋ።
ተናጋሪው በኪስ ባትሪ፣ በእጁ ጥላ፣ ግድግዳው ላይ በር ከፍቶ ዘጋ።
«ጥያቄ?» ሲል እንደ ልማዱ ኤድጋር ትሬልኬልድ ተነሣ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ፓምፕ ሲገጥም የኖረ።
የሱ ጥያቄ ታሪክ ነው፣ ጅራቱም እጅግ ረጅም፤
ከመጨረሻው ላይ ግን አንድ የላላ ብሎን አይጠፋም።

በግንቦት ለጉብኝት ወረቀት ፋብሪካ ሄድን።
ቢጫ ሰደርያ ለበስን፣ የራስ ቁር ደፋን፣ ስማችንን በመዝገብ ጻፍን፤
ሙርየል ፖስትልዌት፣ አርባ ዓመት የድልድይ ሂሳብ የሠራች፣
የብረት አፍንጫው ጫማ ሁሉ ሰፍቷት ሁለት ካልሲ ደርባ ገባች።
በዚያ ጫፍ ገንፎ የነበረው በዚህ ጫፍ ደርቆ ይጠቀለላል፤
ከመሐል ያለው ሙቀት መነጽር ያጨልማል።
ብራዮኒ አስጎበኘችን፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣
የሮለሮቹን ትርታ ማዳመጥ ነው ሥራዋ።

ከሰባተኛው ሮለር ሲደርስ ኤድጋር ቀጥ አለ።
ከካፖርቱ ውስጥ ካቻቢቴ መዘዘ፤
ጫፉን ከኩሽኔታው ቤት፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ደግፎ፣
«ጆሮዬ ከሞተ ቆየ፤ አጥንት ግን አይደነቁርም» አለ፣ ዓይኑን ከድኖ።
ቆየ። ቆየን።
«ይሄ ኩሽኔታ ታሟል። ሁለት ወር ቢቆይ ነው» አለን።

ልጅቱ አልሳቀችም። ከኪሷ መለኪያዋን አውጥታ
ብረቱ ላይ ለጠፈች። መስመሩ ተኛ፤
የኩሬ ውኃ መሰለ፣ ነፋስ በሌለበት ማታ።
«ድገሚው።» ደገመችው።
ከዚያ ማሽኑን ትታ ካቻቢቴውን አየችው፤
ከብረቱ ተነሥቶም ጫፉ በአየር ላይ ይርገበገባል።
«እጅዎን ላስነካው?» አለች፤
ድምፅዋ አልተሰማም፣ ከንፈሯን ነው ያየነው።
ስክሪኑ ላይ አንድ ሾጣጣ ቆመ፤ ብቻውን፣ የጠራ፣ እንደ ጦር፤
አምስት ጊዜ በሰከንድ።

የሮለሩ ጩኸት ባይኖር ዝምታችን ይሰማ ነበር።
ኤድጋር አጎንብሶ፣ የሌላ ሰው ንድፍ እንደሚያርም፣ መስመሩን ብዙ አየና
«ንጹሕ ነው» አለ። «እንዲህ የጠራ አላየሁም ገና።»
አውቶቡስ ውስጥ ሙርየል ሳንድዊቿን ገምሳ ሰጠችው፤
በሁለት እጁ ተቀብሎ መስኮቱን እያየ በላው።

በመስከረም የተጠራው ተናጋሪ ቀረ።
ኤድጋር ፕሮጀክተሩን አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤
«ርዕሴ የአንድ አሮጌ ማሽን ብልሽት ነው፤ ማሽኑም እኔ ነኝ» አለና
እየፈታ ይነግረን ጀመር፤
የሐኪሙን ቃል፣ ክኒኑን፣ ግራሶው በየስንት ሰዓቱ እንደሚጨመር።
«ይህ እጅ ሥራ ሲይዝ ይረጋል፤ የሚንቀጠቀጠው ሲያርፍ ነው።
ስድሳ ዓመት ሁሉን ሳስተምረው
ዕረፍት የሚሉትን ረሳሁት።»
እውነትም ብሎን ሲፈታ ጣቱ እንደ ጎረምሳ ጣት ጸና።
ብራዮኒ ከኋላ ወንበር፣ እርጥብ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ታይ ነበር፤
ምንም አልጠየቀች።
አምፖሉ በራ። ግድግዳው ነጣ።
የሚያሳየን ምስል አልነበረውም፤ አላዘጋጀም።
ባዶውን ብርሃን ጥቂት አየነው።

ቃለ ጉባኤ፦
የተገኙ፣ አሥራ አንድ። በሕመም የቀረ፣ የለም።
ጠረጴዛው ላይ የተረፈ አንድ ብሎን
ከየት እንደወጣ ስላልታወቀ
ለማኅበሩ ንብረት ገቢ ሆኗል።