ምትክ ቅጽ

ጥር አለቀ። ሜቪስ በረዶዋን ዛቀች፣
የፖስታ ሣጥኗን ከፈተች፣ ዘጋች፤
የሱቅ ቅናሽ ወሬ፣ የጥርስ ሐኪም ካርድ፣
ጣት የሚቆረጥም የሜይን ባሕር ብርድ፣
ከዚያ ወዲያ ባዶ፤
ዓመቷን የሚመሰክር ወረቀት፣ ከየት ተወልዶ?

ላኪውስ ማን ሊሆን?
ሰርዲን ማሸጊያው ተዘግቷል። ባለቤቱ ሃርላን ዳይር
ኅዳር ላይ ሞተ፣ ጀልባው ላይ ሳለ፣ አንድ ቃል ሳይናገር።
ሒሳብ ያዡም ሄደ፣ ልጁ ጋ፣ ፍሎሪዳ፤
ፋይሉ ከነመሳቢያው ለጨረታ ወጣ፣ ለዕዳ።
በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤
መዝገብ በሐራጅ ሲሸጥ፣ ማን የማንን ላብ ይወርሳል?

ለግብር ቢሮ ደወለች። ሙዚቃ ከፈቱላት።
ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ያው ዋሽንት አለቀሰላት፣
ድስቷም አረረባት።
በመጨረሻ አንዲት ሴት፣ መናገር የደከማት፣
"አሠሪዎን ጠይቀዋል?"
"ሞቷል።"
"በጽሑፍስ ጠይቀዋል?"

ቅዳሜ እኔ ዘንድ መጣች፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ ከጡረተኛው ጠረጴዛ፣
የብስኩት ቆርቆሮ በሁለት እጇ ይዛ።
ክዳኑን ሳነሳው የዓሣ ሽታ ወጣ፤
አርባ አምስት የደመወዝ ቁራጭ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ሳምንት በሳምንት የመጣ።
አንዱ ጀርባው ላይ የስልክ ቁጥር አለው፤
አንዱን የዓሣ ቅርፊት ከወንድሙ ጋር አሸገው።
ደመርኩ። ቀነስኩ። ደግሜ ደመርኩ።
አስቀድሞ የተቆረጠውን ለብቻ አሰፈርኩ።
"የመጨረሻው ሳምንት ጎድሏል" አልኳት።
"እሱን ሃርላን በእጁ ነው የሰጠኝ፤ ጥሬውን፤
ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው። አራት መቶ አሥራ ስምንት።"

"ማንም አያውቅም እኮ" አልኩ ድምፄን ቀንሼ፤
(ዛሬም ያሳፍረኛል፣ ባሰብኩት ቁጥር መልሼ።)
"ጻፈው" አለች። "ያን ሳምንትም ቆሜያለሁ።"
ጻፍኩት፤ ግብሯን ሁሉ፣ ሳላጎድል ሞላሁ።

ምትክ ቅጹ አንዲት ጥያቄ አለችው በግርጌው፦
"እነዚህን ቁጥሮች እንዴት አገኟቸው?"
ሜቪስ ግራ እጇን ዘረጋች ወረቀቱ ላይ።
አውራ ጣቷ የለም፣ ከአንጓው በላይ፤
መቀሱ የዛሬ ስድስት ዓመት ወስዶታል፤
የትኛው ጣሳ ውስጥ እንደታሸገ ማን ያውቃል?
እጇን አየሁ። መስመሩን አየሁ።
ለእጇ አይበቃም፤ ጠባብ ነው መስመሩ።
"ከቁራጮች" ብዬ ጻፍኩ፣ ባጭሩ።

ፈረመች። ኮቷን ቆለፈች። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች፦
"ቆርቆሮዬን ስጠኝ፤ ክዳኑ ገና ይገጥማል" አለች።