በአያት ስም

የጦሳ ጉም ወርዶ አስፋልቱን ሲያለብስ፣
በሐረጎ ዳገት ሚኒባስ ሲያለቅስ፣
ጭኔ ላይ ደብተሬን፣ ሽምደዳዬን ስከልስ፣
ደሴ ገባሁ።

ሆስፒታሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ ጠባብ ክፍል፤
ሦስት ፈታኝ ከፊቴ፣ አንዱ ከእንቅልፉ ጋር ትግል።
«ኢንዴክስ ምንድን ነው?» አሉኝ አቶ ሙሄ፣ መነጽር አውልቀው፣
«የመጽሐፉን ተይው፤ እሱን ሁሉም ሸምድዶት ነው የሚመጣው።»

ተውኩት። ቀድሞም ጠፍቶኝ ነበር።
የመጣልኝ ከታች፣ ከዚሁ ግቢ፣ ካርድ ክፍሉ ነው፤
ሰባት ዓመቴ፣ ባቲ የያዘኝ ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ፣
እናቴ ካርድ ቁጥሬን ጥላው።
ጋሽ ይማም ከመደርደሪያው ጥግ ጀመሩ፣
አንድ በአንድ እያነሱ፣ አቧራ እያራገፉ፤
ከእኔ ኋላ የመጡት ታክመው ሲያልፉ፣
እኔ ቀትር ድረስ አግዳሚ ላይ።
በዓመቱ ቁጥሬን ይዤ ስመለስ ግን
እጃቸው ብቻ ሄደ፤
ዓይናቸው እኔው ላይ እንዳለ ካርዴ መጣ።

«ይኸው ነው» አልኩ።
«በስምስ?»
«በስምም መዝገብ ነበራቸው ጋሽ ይማም፤
ስም፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት ስም።
ሉባባ እንድሪስ ቢሏቸው ገጹን ይገልጣሉ፤
የአያቴን ብቻ ቢነግሯቸው፣ ከአንደኛው ገጽ ይጀምራሉ።
ሰይድ ብሎ የመጣን ደግሞ አላህ ይሁነው፤
ፒያሳ ላይ ሰይድ ቢሉ ግማሹ ዞር ይላል፤
ለእሱ መዝገብ ከመግለጥ መደርደሪያ ማሰስ ይሻላል።»
እንቅልፋሙ ነቃ። ለካ ሰይድ ነው።

«ለሁሉም ማውጫ እንሥራለት እንዴ ታዲያ?»
ወጥመዱ ታየኝ።
«አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ጋሽ ይማም
ካርዱን ጽፈው፣ በስም ጽፈው፣ በቀበሌ ጽፈው፣
ሰልፉ ከበር ይወጣ ነበር።
በመፈለግ ያተረፉትን በመጻፍ ይከፍሉታል።»

«ሲዘገይብሽስ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»
«በየት በኩል እንደሄደ እጠይቀዋለሁ።
ኮምቦልቻ ለመድረስ በወልዲያ የዞረ ሹፌር
ጎማ ቢቀየርለት ምን ሊፈይድ?»

አቶ ሙሄ ሳቁ፤ ወይም ጉሙ አስሏቸው ይሆናል።
«እንደውልልሻለን።»
ስልኬን ጻፉት፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ፣
መቶ አርባ ሰው እንደ አመጣጡ በተደረደረበት፤
ተራ ቁጥር የለው፣ ፊደል አልጠበቀ።

ማታ ኮምቦልቻ፣
ከላይ ጀምረው፣ በጣት እየወረዱ እስኪደርሱብኝ፣
ስልኬ እንዳይዘጋ
ቻርጅ ላይ ሰካሁት።